የአፈር መቶ እግር ዝርያው አልለይ ሲል፦ ችግር፣ መንስኤና መፍትሄ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወይም ኮምቦልቻ ከየጎፍ ደን ድንጋይ ሲገለበጥ የሚወጣው ቀጭን፣ ዓይን የሌለው፣ እንደ ክር የሚተጣጠፍ መቶ እግር ከየትኛውም የመለያ ቁልፍ (ዝርያን ደረጃ በደረጃ የሚለይ የጥያቄ ዝርዝር) ጋር አልገጥም ካለ፣ «አዲስ ዝርያ ነው» ከመባሉ በፊት የሚጠረጠሩት ናሙናውና ቆጠራው ናቸው።

ቢቆፈርም አይገኝም

አፈሩ ደርቋል ማለት ነው። በበጋ እንስሳው ርጥበት ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ወይም በልጉ በደንብ ከዘነበ በኋላ፣ መጀመሪያ ድንጋይና የበሰበሰ ግንድ ሥር ይዩ፤ ቀጥሎ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው አፈሩን ነጭ ሸራ ላይ ይበትኑ። የገለበጡትን ድንጋይ ወደ ቦታው ይመልሱ።

ተበጠሰ፤ ወይም ተጠቅልሎ ደረቀ

የሚበጠሰው በወረንጦ ሲሳብ ነው፤ በእግሮቹ አፈሩን ይዞ አይለቅም። አልኮል በነካ ለስላሳ ብሩሽ ያንሱት፣ ወይም ከነአፈሩ ይዝገኑት። የሚጠቀለለው ደግሞ በሕይወቱ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ሲገባ ነው። 70 በመቶ ይበቃዋል፦ ከ96 በመቶው 73 ሚሊ ሊትር ለክተው 100 እስኪሞላ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶም ቀለምና ሽቶ ከሌለው ይሆናል። አረቄ አይሆንም፤ አልኮሉ ስለሚያንስ ናሙናው ከውስጥ ይበሰብሳል። ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያስተኙት፤ የሰውነቱ ውሃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ይቀይሩለት። ለዲኤንኤ ከዚያው ቦታ ሌላ አንድ እንስሳ በ96 በመቶ ለብቻው ያስቀምጡ።

የእግሩ ጥንድ ተጋማሽ ቁጥር ሆነ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአፈር መቶ እግር በሚመደብበት በጂኦፊሎሞርፋ ክፍለ መደብ የእግር ጥንዶች ቁጥር ሁልጊዜ ኢ-ተጋማሽ ነው፤ ከ27 እስከ 191 ይደርሳል። 54 ወይም 56 ከወጣ አንድ ጥንድ ተጨምሯል ወይም ቀርቷል።

የሚጨመረው ከራሱ ሥር ያለው የመርዝ ጥፍር ነው። እግር ይመስላል፣ በአፈጣጠሩም ከእግር የመጣ ነው፤ ግን አይቆጠርም። የሚቀረው ደግሞ የመጨረሻው ጥንድ ነው፤ ለመሄጃ ሳይሆን እንደ አንቴና ወደ ኋላ የሚጎተት ስለሆነ ጅራት ይመስላል፣ ቶሎም ይረግፋል። ቢረግፍም መነሻው ላይ ያለው ሰፊ ክፍል ስለሚቀር ይቆጠራል። እንስሳውን በጀርባው አስተኝተው በአንድ ወገን ብቻ ይቁጠሩ፤ በየ10ሩ ጥንድ በቀጭን መርፌ እያመለከቱ። ከዚያ በሌላው ወገን ይድገሙት። ፎቶ አንስቶ ፎቶው ላይ ቁጥር መጻፍ ከሁሉም ይሻላል፤ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ቆጥሮ ያረጋግጣል።

21 ጥንድ ከወጣና ዓይን ከሌለው ክሪፕቶፕስ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ክፍለ መደብ ነው። አንቴናውን ይቁጠሩ፦ የአፈር መቶ እግር ሁልጊዜ 14 አንጓ አለው፣ የክሪፕቶፕስ አብዛኛውን ጊዜ 17 ነው። ነጭ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰና 12 ጥንድ እግር ያለው ከሆነ ጭራሽ መቶ እግር አይደለም፤ ሲምፊላ ይባላል።

ከአንድ ጉድጓድ 55 እና 59 ጥንድ ያላቸው ወጡ

ሁለት ዝርያ ብለው አይቸኩሉ። በብዙ ዝርያ ሴቷ ከወንዱ የበለጠ እግር አላት፤ በአንድ ፆታ ውስጥም ቁጥሩ ይለያያል። በብዙ ዝርያዎች የወንዱ የመጨረሻ እግር ወፈር ያለ ነው፤ በመጀመሪያ ፆታውን ይለዩ። ሜኪስቶሴፋሊዴ የሚባለው ቤተሰብ ግን የተለየ ነው፤ በአብዛኞቹ ዝርያዎቹ ቁጥሩ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ እዚያ የሁለት ጥንድ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

ጫጩቱ ከእንቁላል የሚወጣው ሙሉ እግሩን ይዞ ነው፤ የእግር ቁጥር በዕድሜ አይጨምርም። በመጨረሻው እግር መነሻ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ከዕድሜ ጋር ይበዛሉ። ስለዚህ በትንሽ እንስሳ የእግሩን ቁጥር ይመኑ፣ የቀዳዳውን አይመኑ።

ቀዳዳዎቹና የላይኛው ከንፈር አይታዩም

ቆዳው ገና አልጠራም። ስላይድ ላይ ላክቲክ አሲድ ጠብ አድርገው ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ይተዉት። ደሴ ብርድ ላይ ከኮምቦልቻ ይዘገያል፤ ለብ ማድረግ ያፈጥነዋል፣ ማፍላት ያበላሸዋል። ከጠራ በኋላ በሆዱ በኩል ሙጫማ ፈሳሽ የሚያወጡት የቀዳዳ ስብስቦች ከስንተኛው እስከ ስንተኛው አንጓ እንደሚገኙና ቅርጻቸውን ይሳሉ። የላይኛው ከንፈር ጥርሶች የሚታዩት መንጋጋዎቹ ሲነሱ ነው፤ ያለዎት አንድ ናሙና ብቻ ከሆነ አይነካኩት።

ቁልፉ ሁልጊዜ ጂኦፊለስ የሚባለው ወገን ላይ ይጥላል

ቁልፉ ለአውሮፓ የተሠራ ነው። ከቤተሰብ ይጀምሩ፤ ከዚያ ቺሎቤዝ በተባለው የዓለም መዝገብ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከኬንያና ከየመን የተመዘገቡትን አውጥተው ከየመጀመሪያ መግለጫቸው ጋር ያስተያዩ።

መግለጫው ተቀባይነት አጣ

«ደሴ» ብቻ የሚል መለያ አይበቃም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከፍታውና ጂፒኤሱ ይጻፍ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩም በስም ይሁን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ኦገስት 18፣ 2024። በእርሳስ ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ያስገቡ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚወጣ የዝርያ ስም ሆሎታይፑ (ስሙ የሚመሠረትበት አንድ ናሙና) ወይም ሲንታይፖቹ (ስሙ በጋራ የሚመሠረትባቸው ናሙናዎች) ተለይተው ካልተሰየሙና የት ስብስብ እንደሚቀመጡ ካልተጻፈ አይጸናም፤ በኤሌክትሮኒክ ብቻ ከታተመ ደግሞ ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ለዘረመል ጥናት ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።