ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሴስና፣ ከቤት ሳይወጡ

ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ምኗ ነው እንዲህ ልብ የሚወስደው? ለኔ መልሱ አጭር ነው፤ ሁሉ ነገሯ ይገባል። ትልቁ ጄት ውስጥ ቀበቶ ታስራላችሁ፣ ምግብ ይመጣላችኋል፣ ትደርሳላችሁ። ትንሿ ውስጥ ግን ከፍታው፣ ንፋሱ፣ ሙቀቱ፣ የጓደኛችሁ ኪሎ ሳይቀር የናንተ ጉዳይ ነው። ይህን ለመማር ደግሞ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ደጋው አልቆ ቆላው የሚጀምረው አንድ ገደል ላይ ነው።

አውሮፕላን መግዛት አይጠበቅባችሁም። ደህና ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል። ፍላይትጊር የሚባለውን ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ አውርዱ፣ ነፃ ነው። አብሮት የሚመጣውን ሴስና 172ፒ ምረጡ። ሴስና 172 መጀመሪያ የበረረችው በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ከ44,000 በላይም ተሠርታለች። አራት ሰው ትይዛለች። ክንፏ ከላይ ስለሆነ ቁልቁል ስታዩ የሚከልላችሁ ነገር የለም። ጆይስቲክ ካላችሁ አሪፍ ነው፣ ከሌላችሁም በማውስ ይሄዳል።

ከቦሌ ተነሱ። እዚያ ከፍታው 2,334 ሜትር ነው። ብዙ ጀማሪ ቀዩን የሚክስቸር እጀታ (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን መጠን የሚወስነውን) እስከ ጥግ ገፍቶ ለመነሳት ይሞክራል። ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ልክ ነበር፤ እኛ ጋ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል። ፍሬን ይዛችሁ ትሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መስጫ) ሙሉ ክፈቱ፣ ከዚያ ሚክስቸሩን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፤ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ጨምሮ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሳችሁ ግፉና እዚያው ተዉት። ፍሬኑን ልቀቁ። 55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል) ሲሞላ አፍንጫዋን በቀስታ አንሱ፣ በ70ዎቹ ኖት ሽቅብ ውጡ። መንደርደሪያው ረዘመ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አየሩ ነው።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዙሩ። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን እያለፋችሁ አስፋልቱን ከላይ ተከተሉት። ደብረ ብርሃን በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ሒሳብ እንሥራ። እኔን የያዘኝ እንዲያውም እሱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በፓይለት አነጋገር 9,300 ጫማ። በመደበኛው ስሌት ባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ነው፣ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 9,300 ጫማ ላይ ከዜሮ በታች 3 ተኩል አካባቢ መሆን ነበረበት። ፀሐይ ወጥቶ 20 ዲግሪ ከሆነስ? ልዩነቱ 23 ተኩል ነው። ሙቀት አየሩን ይበልጥ ስለሚያሳሳው በ9,300ው ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ፣ 12,100 ጫማ አካባቢ ይመጣል። ማለትም ሴስናዋ መሬት ላይ ቆማ ክንፏና ሞተሯ የሚሠሩት 12,100 ጫማ ላይ እንዳለች ሆኖ ነው። የዚህች ሞዴል ጣሪያ፣ ማለትም በደንብ ልትወጣ የምትችልበት ከፍታ፣ ደግሞ 13,000 ጫማ ነው! አራት ሰው ጭናችሁ፣ ታንክ ሞልታችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ለመነሳት ማሰብ እብደት ነው። በጠዋት፣ በብርድ፣ ሁለት ሰው ብቻ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያማርር ሰው ፓይለት ቢሆን ኖሮ ያመሰግነው ነበር።

ከዚያ ጣርማበር። ሸንተረሩን ቢያንስ 1,000 ጫማ ከፍ ብላችሁ እለፉት። ወዲያው መሬቱ ከሥራችሁ ይጠፋል፤ ደብረ ሲና ከታች ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። እዚህ አትቸኩሉ። ትሮትሉን ቀንሱ፣ እየወረዳችሁ ሚክስቸሩን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ግፉ፣ ካልሆነ ወፍራሙ አየር ውስጥ ስትገቡ ነዳጅ ያጥራትና ትንተፋተፋለች። ሜዳው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ለሙከራ ሞተሩን ዝም አሰኙት። 65 ኖት ያዙ። ከያዛችሁት ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትንሸራተታለች፤ ማረፊያ ለመምረጥ የሚገርም ጊዜ አለ።

ከባዱ መመለሱ ነው። ከሮቢት ተነስታችሁ በቀጥታ ወደ ገደሉ አትሂዱ፤ ዳገቱ ከሴስናዋ ይፈጥናል። ቆላው ላይ እየዞራችሁ መጀመሪያ ከፍታ ሰብስቡ። ከዚያ ሸንተረሩን ፊት ለፊት ሳይሆን በ45 ዲግሪ በአግድሞሽ ቅረቡት፣ ካላማራችሁ በትንሽ መታጠፍ ወደ ሜዳው ትመለሳላችሁ። በሲሙሌተሩ ንፋሱን ቀያይሩት። ከምሥራቅ ሲነፍስ ገደሉን ይዞ ስለሚወጣ ያነሳችኋል፤ ከምዕራብ ሲሆን ከጫፉ ላይ ተገልብጦ ይደፍቃችኋል። ያ የታወቀው የጣርማበር ጉምም የሚመጣው ከቆላ የወጣ እርጥብ አየር ሽቅብ ሲገፋና ሲቀዘቅዝ ነው። ጉም ካያችሁ ተመለሱ፣ ሌላ ምክር የለኝም። እንዲህ ባለ እርጥብ አየር የካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን ክፍል) ማሞቂያ መሳብም አትርሱ፣ ውስጡ በረዶ ይሠራል።

እውነተኛው ነገር ላማራችሁ፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪ ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 17 ዓመት ዕድሜና 40 የበረራ ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 10ሩን ብቻችሁን ትበራላችሁ፣ አንዱም ጉዞ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሁለት ሌሎች ማረፊያዎች ላይ መቆም አለበት። የጤና ምርመራ አለ፣ የሬዲዮ እንግሊዝኛ አለ። ቤት ውስጥ በላፕቶፕ የበረራችሁት አይቆጠርም። አገር ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ለየትኛውም ትምህርት ቤት ብር ከመክፈላችሁ በፊት እውቅና እንዳለው መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።