ቦውዳናት ስትሄዱ ስቱፓው በቀኝ እጃችሁ በኩል ይሁን

በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ ያለውን የቦውዳናት ስቱፓ (የቡድሂስቶች ቅዱስ ሐውልት) በቀትር የሚያይ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ነጭ ጉልላትና የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ አይቶ፣ ከተሳላሚዎች ጋር እየተጋፋ ይመለሳል። እንዲህ አድርጉ፦ ጎህ ሲቀድ ወይም አመሻሹ ላይ ሂዱ፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ ስቱፓውን በቀኛችሁ አድርጋችሁ ከሰዉ ጋር ሦስት ጊዜ ዙሩ። ያለፋችሁት ነገር ካለ ወደ ኋላ አትመለሱ፣ ዙሩን ጨርሳችሁ ድረሱበት።

ይህ የሚሠራው ስቱፓው ገብተው የሚጸልዩበት አዳራሽ ስላልሆነ ነው፤ ጸሎቱ ራሱ ዙረቱ ነው። ቀኝ ደግሞ የክብር ወገን ነው። አብራችሁ ስትዞሩ ከሩቅ የማይታየው ሁሉ ይታያችኋል፦ በግራ እጃቸው መቁጠሪያ እየቆጠሩ በቀኛቸው የጸሎት መንኮራኩሮቹን የሚያሽከረክሩ እናቶች፣ «ኦም ማኒ ፔሜ ሁም» የሚሉ ከንፈሮች፣ የቅቤ መብራት ሽታ። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1959 በኋላ የተሰደዱ ቲቤታውያንና ልጆቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቀው የስቱፓው ጫፍ በአብዛኛው በምእመናን መዋጮ ታድሶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ሲከፈት ደስታቸው ምን ያህል እንደነበር መገመት አያቅትም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቦን በሚባለው የቲቤት እምነት ቤተ መቅደሶች ዙረቱ በተቃራኒው ስለሆነ እዚያ ይህን አታድርጉ። ደግሞም በግንባራቸው ተደፍተው የሚሰግዱትን ከፊት ለፊት ፎቶ አታንሱ፤ በኋላቸው እለፉ።