ዘፈናችሁን ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት፦ የሙዚቃ መብትን እንዴት ማስከበር እንደሚቻል

በድሬዳዋ ከዚራም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ ዘፈን የሚሠራ ወጣት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ክሊፑ ነው። ወረቀት ትዝ የሚለው ዘፈኑ ተወዶ፣ ገንዘብ መጥቶ፣ ጓደኛሞች ከተቀያየሙ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያስታውሰው ለራሱ እንደሚመቸው ስለሆነ፣ ሥራውን ከሌላው ጫፍ ጀምሩት።

1. ባለመብቶቹን ለዩ። ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ ናቸው። በተቀረጸው ድምፅ ላይ ደግሞ ድምፃዊውና ፕሮዲዩሰሩ ተዛማጅ መብት (ከደራሲው መብት ጎን ለጎን የሚጠበቅ መብት) አላቸው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱንም ይጠብቃል፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። የድሬዳዋና የሐረር ዘፈን ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርጫ ላይ አንዱ በአማርኛ ይጀምራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይቀበላል፣ ሦስተኛው በሶማሊኛ አዝማች ይጨምርበታል። ሕዝቡ በኋላ የሚያዜመው ያንኑ አዝማች ነው፤ አዝማቹን የሰጠው ልጅ ስም ግን የትም አይጻፍም። ይህ በደል ነው፤ ስሙን እዚያው መዝግቡ።

ነባር የሠርግ ዜማ ከወሰዳችሁ ዜማው የሁሉም ነው፤ የእናንተ የሚሆነው ቅንብራችሁ ብቻ ነው። ያንኑ ዜማ በራሱ ቅንብር የሠራውን ሌላ ድምፃዊ «ሰረቀኝ» ማለት አትችሉም።

2. ስምምነቱን ጻፉ። «ለግጥም ክፍያ ተቀብያለሁ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለማንም አይጠቅምም። ገጣሚው ሸጠ ወይስ ፈቀደ? ለካሴት ወይስ ለዩቲዩብ? እንዲህ ብትጽፉ ይሻላል፦ «የዚህን ዘፈን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድምፃዊው ለ5 ዓመት በኢንተርኔት እንዲያሰራጨው ፈቅጃለሁ። ከሚገኘው ገቢ 20 በመቶ በየስድስት ወሩ ይከፈለኛል። ያለ እኔ የጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም።» ቁጥሮቹን እንደ ስምምነታችሁ ለውጡ፤ ቀን ጨምሩ፣ በምስክሮች ፊት ፈርሙ።

3. ማስረጃ አስቀምጡ። መብቱ ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲነሳ ይረዳል። ከስቱዲዮ ስትወጡ ያለቀውን ዘፈን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ እያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ ለየብቻ ያለበትን ፋይል በፍላሽ ተቀበሉ። ዜማውን መጀመሪያ ያንጎራጎራችሁበትን የስልክ ቅጂም ከነቀኑ አታጥፉት።

4. የአሰራጩን፣ ማለትም ዘፈናችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣላችሁን ድርጅት ውል አንብቡ። ተመሳሳይ ድምፅ በራሱ ፈልጎ የሚያገኘው የዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ ለግለሰብ በቀላሉ አይሰጥም፤ ብዙ ድምፃዊ በአሰራጭ ወይም በትልቅ ቻናል በኩል የሚጭነው ለዚህ ነው። ውሉ ውስጥ «ለዘለዓለም» እና «በሁሉም ዓይነት ማሰራጫ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ካሉ እንዲወጡ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አትፈርሙ።

5. «ይህ ዘፈን የእኔ ነው» የሚል ከመጣባችሁ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። በኮንተንት አይዲ የሚቀርብ የይገባኛል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮውን ከዩቲዩብ አያስወርደውም፤ ገቢውን ግን ወደ ጠያቂው ያዞረዋል። በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ ገንዘቡ ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ታግዶ ይቆያል። ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው።

ቪዲዮው በሕጋዊ ማመልከቻ ከወረደ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ቻናላችሁ ማስጠንቀቂያ ይመዘገብበታል፤ በ90 ቀን ውስጥ 3 ከደረሰ ሊዘጋ ይችላል። በስህተት እንደወረደ እርግጠኛ ከሆናችሁ መቃወሚያ አቅርቡ። ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። አሠራሩ በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከወጣው የአሜሪካ ሕግ የመጣ በመሆኑ፣ መቃወሚያውን ስትፈርሙ ዩቲዩብ በሚገኝበት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ትስማማላችሁ፤ ስማችሁና አድራሻችሁም ለተከራካሪው ይደርሳል። ተናድዳችሁ አትሙሉት።

የእናንተን ሥራ ሌላ ሰው ከጫነው ደግሞ የዩቲዩብን የቅጂ መብት ቅጽ ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት የገጹን ፎቶ፣ አድራሻውንና የተመልካቹን ቁጥር ያዙ፤ ከወረደ በኋላ አታገኟቸውም።

6. ሰውየው አገር ውስጥ ካለና በሽምግልና ካልተፈታ፣ ለፍርድ ቤት ክስ አቅርቡ። በአዋጁ መሠረት ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም፤ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው በወንጀልም እስራት ሊጠብቀው ይችላል። ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ የተፈረመውን ስምምነት፣ ፍላሹንና የገጹን ፎቶ አብራችሁ ውሰዱ።