አሮጌ የክላሪኔት ማውዝፒስ፦ ሲጢጥ ሲል፣ ሲታፈን፣ አየር ሲያስመልጥ

አሮጌ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው የክላሪኔቱ ጫፍ) ሲያስቸግር ብዙ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ተረጋጉ። ተፍቆ የሄደ ኢቦናይት (ማውዝፒሱ የተሠራበት ጠንካራ ጎማ) አይመለስም። መጀመሪያ ይለካል፣ መፋቅ መጨረሻ ላይ ይደረሳል።

ከመለካትም በፊት ማውዝፒሱ ጥፋተኛ መሆኑን አጣሩ። ችግሩ በሌላ ማውዝፒስም ከመጣ ክላሪኔቱን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ በደንብ የማይዘጋ ፓድ (የክላሪኔቱን ቀዳዳ የሚደፍን ለስላሳ ክዳን) ይኖራል። ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ ታስሮ በትንፋሽ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ) ሲቀየር ከጠፋ ደግሞ ነገሩ የሪዱ ነበር።

ለማውዝፒሱ ክፍሎች ስም እንስጣቸው። ሪዱ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ መቀመጫ ነው። መስኮቱን (ሪዱ የሚሸፍነውን ክፍት ቦታ) ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጫፍ የሚሄዱት ሁለት ጠርዞች ቀስ በቀስ ከሪዱ ይርቃሉ፤ ኩርባ የምለው ያንን ነው። መጨረሻ ላይ በሪዱና በማውዝፒሱ መካከል የሚቀረው የጫፍ ክፍተት ነው። በሲ ቤሞል ክላሪኔት (በተለመደው ዓይነት) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.0 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለምሳሌ የቫንዶረን ኩባንያ ቢ45 የተባለው ማውዝፒስ ክፍተት 1.195 ነው።

አለካኩ

ወፍራምና ቀጥ ያለ መስታወት፣ በላዩ በግማሽ ሚሊ ሜትር የተሰመረ መስመር፣ እና መካኒኮች ጠባብ ክፍተት የሚለኩባቸው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያስፈልጋሉ። የተለመዱት አራት ናቸው፦ 0.0015፣ 0.010፣ 0.024 እና 0.034 ኢንች። በሚሊ ሜትር 0.04፣ 0.25፣ 0.61 እና 0.86 ገደማ ይመጣሉ።

መስታወቱን በሪዱ ቦታ መቀመጫው ላይ አሳርፉ፤ የመጀመሪያው መስመር ከጫፉ ጋር ይግጠም። ቅጠሉን ከጫፍ በኩል አስገቡና ሳትገፉ ራሱ እስኪቆም ድረስ አንሸራቱት። የቆመበትን መስመር በግራም በቀኝም አንብቡ። ባለሙያዎች ሚሊ ሜትሩን እጥፍ አድርገው ይጽፋሉ፤ 17 ሚሊ ሜትር 34 ይባላል። ደህና የሚሠራ ማውዝፒስ ከቀጭኑ ቅጠል ወደ ወፍራሙ 34፣ 23፣ 12፣ 6 የመሰለ ነገር ያሳያል። ለጫፍ ክፍተት የተለየ መለኪያ ከሌላችሁ ቅጠሎችን ደራርቡና ከመስታወቱ ሥር ልክ ሲገባ ውፍረታቸውን ደምሩ።

ሲጢጥ ይላል

ጉዳዩ በአብዛኛው የጠርዞቹ እኩል አለመሆን ነው። ቅጠሉ ሲቆም ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ያጋድላል። በግራ 34፣ በቀኝ 31 አነበባችሁ እንበል። ትንሹ ቁጥር ያለበት ጠርዝ ከፍ ያለው ነው፤ ቅጠሉን ቶሎ ያስቆመው እሱ ነዋ። የሚፋቀውም እሱ ብቻ ነው። ብዙዎች እዚህ ጋ ተገልብጠው ትልቁን ቁጥር ይፍቃሉ። ልዩነቱ ይሰፋል፣ እነሱም ይናደዳሉ።

ጠርዞቹን በማርከር አጥቁሩ። 600 ቁጥር ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርጋችሁ መስታወት ላይ ዘርጉ። ማውዝፒሱን ከኋላው ያዙ፤ ኩርባው የሚጀምርበትን ቦታ አሳርፉና ወደ ጫፍ እያንከባለላችሁ ሳቡ። ጣታችሁ ከፍ ባለው ጠርዝ በኩል ትንሽ ይጫን። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳባችሁ አቁሙ፣ ጥረጉ፣ ለኩ። ማርከሩ የጠፋበት ቦታ ወረቀቱ የነካው ነው፤ ያላሰባችሁት ቦታ ከነጣ አያያዛችሁን አስተካክሉ።

በቀጭኑ ቅጠል የአንድ መስመር ልዩነት ብቻ ካለ እኔ አልነካውም። ያንን ይዘው ጥሩ የሚዘምሩ ማውዝፒሶች ብዙ ናቸው። ልዩነቱ በ0.024 እና በ0.034 ላይ፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ሲሆን ግን ዝም አይባልም።

የጫፉ ጠርዝ በጣም ከቀጠነም ይጮኻል። ኩርባውን ጫፉ አካባቢ በቀስታ ማሸት ጠርዙን ያሰፋዋል፤ ክፍተቱም አብሮ እንደሚጨምር አትርሱ።

አየር ያስመልጣል፣ የትኛውም ሪድ አይስማማውም

ሪዱን አርጥባችሁ በሊጌቸር (ሪዱን በሚይዘው ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ። የማውዝፒሱን የታች ቀዳዳ በመዳፍ ድፈኑና አየሩን በጫፉ በኩል ምጠጡ። ከአፋችሁ ስታወጡት ሪዱ ትንሽ ተጣብቆ ቆይቶ ጷ ብሎ ከተላቀቀ ጥሩ ነው። ወዲያው ከለቀቀ የሆነ ቦታ ይሾልካል፤ መቀመጫው ተጣምሞ ይሆናል።

መስታወቱን አሳርፋችሁ ከኋላ መብራት አብሩ። መካከሉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ካያችሁ አትደንግጡ፤ አንዳንድ ሠሪዎች ሆን ብለው እንዲያ ያደርጉታል። ብርሃኑ በዳር በኩል ከወጣ፣ ወይም ማውዝፒሱ መስታወቱ ላይ ከተወዛወዘ ግን ጠማማ ነው። በ400 ጀምራችሁ በ600 እና በ1000 ጨርሱ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳባችሁ። ወዲያና ወዲህ ሲታሽ ዳሩ ይዶለዱማል። መቀመጫው በተፋቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ኩርባውም ያጥራል። ስለዚህ መቀመጫ የነካ ሰው ኩርባውንም እንደገና ለመሥራት ይዘጋጅ።

ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይጨርሳል

መጀመሪያ ቀለል ያለ ሪድ ሞክሩ። ካልሆነ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። 34፣ 19፣ 12፣ 6 ከሆኑ ሁለተኛው ቁጥር ወድቋል፤ ኩርባው መሀል ላይ ጉብታ አለ ማለት ነው። እዚያችው ቦታ በማርከር እየተመራችሁ ለስለስ አድርጉ። ቁጥሮቹ ተከታታይ ሆነው ክፍተቱ ብቻ ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ መቀመጫውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። 0.05 ሚሊ ሜትር እንኳ አፍ ላይ በደንብ ይሰማል፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ድምፁ ታፍኗል፣ ቶሎ አይነሳም

የጫፉ ጠርዝ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ከውስጥ በኩል፣ ከጠርዙ ጀርባ፣ በደቃቅ ሞረድ በጣም በትንሹ ይቀነሳል። ከዚያ ወደ ውስጥ አትግቡ። የውስጡ ቅርጽ የድምፁን ቀለም ይወስናል፤ ከተበላሸም መመለሻ የለውም።

ጫፉ ተሸርፏል

ሽርፋቱ ጠርዙን አቋርጦ ከገባ ተዉት፣ ለመለማመጃ ይሁን። እንዲያውም የመጀመሪያ ሥራችሁ እንዲህ ባለ ዋጋ ቢስ ማውዝፒስ ላይ ቢሆን ይሻላል። ታዋቂ ስም የተቀረጸበትን አሮጌ ዕቃ ለባለሙያ ስጡት።

ኢቦናይት ድኝ አለበት፤ ብናኙን እንዳትስቡ ሁልጊዜ እርጥብ አድርጋችሁ ፋቁ፣ ጭንብልም አድርጉ። ሲጨርሱ ማጠብ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ነው። ሙቅ ውሃ ቀለሙን ወደ ቡናማ አረንጓዴ ይቀይረዋል፣ ሊያጣምመውም ይችላል። ቀድሞ የነበረው ቡናማነት ግን ድምፁን አይጎዳም፤ እሱን ብላችሁ አትፋቁ።

አዲሶቹን ቁጥሮች ከድሮዎቹ ጎን ጻፉና በደንብ በምታውቁት ሪድ ሞክሩት። ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው በቀስታ እየተሻገራችሁ ንፉ፤ ሲጢጥታው ገና ካለ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ መሻገሪያው ላይ ነው።