የፌስታል ስፌት፦ የቤት ላስቲክን በወስፌና በመቀስ መልሶ መጠቀም

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ባሉ ከተሞች በብዙ ቤት ሁለት ነገር አይጠፋም፤ አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ ሲሆን፣ ሌላው ከበር ኋላ የታጨቀ የፌስታል ክምር ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ቢከለክልም፣ ቀድሞ የተጠራቀመው ገና በየቤቱ አለ። ስፌት የምታውቅ ሴት ይህን ላስቲክ ለመጠቀም አዲስ ሙያ መማር አያስፈልጋትም፤ ላስቲኩን እንደ አለላ አዘጋጅቶ መያዝን ማወቅ ይበቃታል።

ከሁሉ በፊት መለየት ይቀድማል። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የነበረበት ጀሪካንና ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ለማንኛውም የቤት ሥራ አይሆንም። የማዳበሪያ ከረጢት ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ ጠንካራ ክር ይወጣዋል፤ ሆኖም ዩሪያ የነበረበትን ከረጢት ያጠቡበት ውኃ ከብት ሊደርስበት በሚችል ገንዳ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ መቅረት የለበትም፤ ዩሪያ የጠጣ ከብት ይመረዛልና፣ ፈጥኖም ሊሞት ይችላል። ፌስታሉ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ውስጡ ተገልብጦ፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣል። እርጥበት ይዞ የታጠፈ ፌስታል ይሸታል፤ ሽታውም ከተሰፋ በኋላ አይለቅም።

የደረቀው ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሩ በመዳፍ እየተዳመጠ ይወጣለታል። ማንጠልጠያውና የታችኛው ስፌቱ ተቆርጠው ከተነሡ በኋላ፣ ወደ ጎኑ ሦስት ጊዜ ታጥፎ በሁለት ጣት ስፋት አግድም ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲፈታ ቀለበት ይሆናል። ለምንጣፍ ከሆነ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሾልኮ በመሳብ ረጅም ገመድ ማድረግ ይቻላል፤ ለሰፌድ ግን ቋጠሮው ፊቱን ስለሚያጎረብጠው ቀለበቱ አንድ ቦታ ተቆርጦ ጥብጣብ ይደረጋል።

ለሰፌዱ ውስጥ የሚሞላው የተለመደው ሣር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ላስቲክ በላስቲክ ላይ ሲሰፋ ይንሸራተታል፣ ቅርጽም አይይዝም። እንደ እርሳስ የወፈረ የሣር እፍኝ ተይዞ ጫፉ በጥብጣቡ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠቀለላል፤ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ መሐሉ በወስፌ ይወጋል። የጥብጣቡ ጫፍ በሰያፍ ተቆርጦ በጣት ሲፈተል ሾጣጣ ይሆናል፤ በወስፌው ቀዳዳ የሚያልፈውም በዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የምናውቀው ስፌት ነው፦ የቀደመውን ዙር ጫፍ መውጋት፣ ማሾለክ፣ መሳብ፣ አዲሱን ዙር ጠቅልሎ መመለስ።

ልዩነቱ ያለው መሳቡ ላይ ነው። ፌስታል ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ቀጥሎ ነጣ ይላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። እጅ ማቆም ያለበት ልክ ነጣ ማለት ሊጀምር ሲል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጥብጣብ ለጊዜው ቢይዝ እንኳ ሰፌዱ አገልግሎት ሲጀምር እዚያው ቦታ ይቀደዳል። ጥብጣቡ ሲያልቅ አይቋጠርም፤ የአሮጌው ጭራና የአዲሱ መነሻ ከሣሩ ጋር ተደርበው አራት አምስት ጊዜ ከላያቸው ይሰፋል። ቢጫና ሰማያዊ ፌስታል ጎን ለጎን ሲገቡ ጥሩ ጥለት ይወጣቸዋል፤ ጥቁሩ ለጠርዝ ይስማማል።

እንዲህ የተሠራ ሰፌድ ለትኩስ እንጀራ፣ ለቆሎና ለበርበሬ መዋል የለበትም። የፌስታሉ ቀለምና የላዩ ጽሑፍ ለምግብ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተመላሽ ላስቲክ የተመረተ ነው። ለእንቁላል፣ ለሽንኩርት፣ ለክርና ለመርፌ፣ የታጠበ ሲኒ ለመደርደር ግን ከሣሩ ሰፌድ ይልቅ እርጥበት ይችላል።

ለበር ምንጣፍ ቀለበቶቹ የተያያዙበት ገመድ እንደ ሹሩባ በሦስት ይጎነጎናል፤ ጉንጉኑም እየተጠቀለለ ከማዳበሪያ ከረጢት በተፈታ ክር ጎን ለጎን ይሰፋል። የመጀመሪያ ምንጣፌን ስሠራ እንደ ሰፌድ አጥብቄ ስለሰፋሁት ጠርዙ ተነሥቶ ጎድጓዳ ሆነብኝ፤ ሦስት ቀን የለፋሁበትን ሥራ እስከ መሐሉ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩት። ምንጣፍ በየሁለቱ ዙር መሬት ላይ ተዘርግቶ መታየት አለበት፤ ጠርዙ ከተነሣ ስፌቱ ጠብቋል፣ ከተጨማደደ ደግሞ ላልቷል። በክረምት የሐምሌን ጭቃ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ በውኃ ሲመታም ወዲያው ይለቃል። ለመኝታ ወይም ለመቀመጫ ግን የመንዝን የሱፍ ዝተት ሊተካ አይችልም፤ ሙቀት አይዝም፣ እሳት አጠገብም አደገኛ ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ ሌላ ጠባይ አለው። ከግርጌው ተቆርጦ፣ ለስላሳው ወገቡ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት እየተዞረ ሲቆረጥ፣ ባለ 2 ሊትሩ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ጠንካራ ጥብጣብ ይወጣዋል። ይህን የመጥረጊያ እጀታ ላይ አጥብቆ ጠምጥሞ፣ ጫፉን ከዙሮቹ ሥር አሾልኮ የፈላ ውኃ ቢያፈሱበት ይኮማተርና ይነክሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ጠርሙስ ደግሞ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚላላ የምድጃው ማንቆርቆሪያ ይበቃል። በእሳት ነበልባል ወይም በጋለ ቢላዋ ላስቲክ ማቅለጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጭሱ ይጎዳል፤ በተለይ ብርድ ስለሆነ በርና መስኮት በሚዘጋበት ቤት ሕፃናትን ይጎዳል።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ተቆርጦ ጥሩ የአመድ ወይም የአፈር ማፈሻ ይሆናል፤ የተቆረጠው ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በአሸዋ ወረቀት ይታሽ።

የተሠራው ዕቃ ሲቆሽሽ በለብታ ውኃ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥም ይደርቃል። በተለይ የማዳበሪያ ክር ፀሐይ ላይ ከከረመ ይደርቅና እንደ ገለባ ይሰባበራል፤ ስለዚህ የተሰፋው ምንጣፍ ከደጅ ይልቅ ከበሩ ውስጥ ቢነጠፍ ይሻላል። ሲታሽ ብናኝ መጣል ከጀመረ ብናኙ እርሻና ውኃ ውስጥ ሳይገባ ዕቃው ተጠቅልሎ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።