ሁለት አገሮች ሲካሰሱ፦ ክርክራቸው በዓለም አቀፍ ሕግ እንዴት ይፈታል?

ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን በሚጀምርበት ከተማ፣ የሕዳሴ ግድቡ ውዝግብ በተነሳ ቁጥር «ታዲያ ለምን የዓለም ፍርድ ቤት አይወስነውም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው፦ ሉዓላዊ አገርን ያለ ፈቃዱ የሚዳኝ ፍርድ ቤት የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰነድ ይሰበሰባል። የትኛው መብት ተነካ? በየትኛው ውል? ፈራሚዎቹስ እነማን ናቸው? ግብፅና ሱዳን በ1959 የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ውል ደግሞ ያልተዋዋለን አያስገድድም። የ1902ቱ ይለያል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ነው፤ ጣናንም በስሙ ይጠራል። እዚህ ላይ «አልፈረምንም» ማለት አያዋጣም፤ ክርክሩ ውሉ በትክክል ምን ይከለክላል፣ ዛሬስ ይጸናል ወይ የሚል ይሆናል።

ቀጥሎ ተቃውሞው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ለሌላው ወገን ይላካል። ብዙዎች ችላ የሚሉት ደረጃ ይህ ነው። ማርሻል ደሴቶች ብሪታንያን፣ ህንድንና ፓኪስታንን በኑክሌር ጦር መሣሪያ ጉዳይ ከሰው ነበር፤ ኔዘርላንድስ፣ ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2016 መዝገቦቹን የዘጋው ክሱ ከመቅረቡ በፊት በወገኖቹ መካከል የታወቀ ክርክር አልነበረም ብሎ ነው። ዝምታም ያስረታል። ታይላንድ የፕሪያ ቪሄርን ቤተ መቅደስ በካምቦዲያ በኩል ያሳየውን ካርታ ለብዙ ዓመታት ሳትቃወም በመቆየቷ በ1962 ተፈረደባት።

ከዚያ ድርድር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33 ድርድርን፣ ሽምግልናን፣ ዕርቅን፣ የግልግል ዳኝነትን (ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በተስማሙባቸው ዳኞች የሚሰጥ አስገዳጅ ውሳኔ)፣ ፍርድ ቤትንና የአካባቢ ድርጅቶችን ይዘረዝራል፤ ምርጫው የተከራካሪዎቹ ነው። በአገሮች መካከል የሚገባ ሸምጋይ የሰፈር ሽማግሌን ያህል እንኳ የማስገደድ ጉልበት የለውም፤ ሐሳቡን መቀበልም መተውም ይቻላል።

ድርድሩ ካልያዘ የፈቃዱ ማስረጃ ይፈለጋል። ወደ ዘ ሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የሚወስዱት ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ለዚያው ጉዳይ የተደረገ ልዩ ስምምነት፣ በቀድሞ ውል ውስጥ የተጻፈ የዳኝነት አንቀጽ፣ ወይም አገሩ አስቀድሞ ያስገባው የዳኝነት ሥልጣን መቀበያ መግለጫ። ሱዳን መግለጫ አስገብታለች፤ የግብፅ መግለጫ የስዊዝ ካናልን ጉዳይ ብቻ ይመለከታል፤ ኢትዮጵያ አላስገባችም። በ2015 ሦስቱ አገሮች ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫም ፍርድ ቤትን አያነሳም። ምክክርና ድርድር ካልተሳካ ሦስቱ በጋራ ዕርቅ ወይም ሽምግልና ሊጠይቁ፣ ወይም ጉዳዩን ለመሪዎቻቸው ሊያቀርቡ ይችላሉ ይላል። «በጋራ» የሚለው ነው ቁልፉ። አንዱ ብቻውን ሊጎትት አይችልም። የጸጥታው ምክር ቤትም በ2021 ጉዳዩን ሰምቶ ወደ አፍሪካ ኅብረቱ ድርድር መልሶታል።

የግልግል ዳኝነት የሚመርጡ አገሮች ስምምነቱን ሲጽፉ ስድስት ነገር መጉደል የለበትም፦ የሚዳኘው ጥያቄ፣ የሚሠራበት ሕግ፣ የዳኞች ቁጥር፣ አንዱ ወገን ዳኛ አልሰይምም ቢል ማን እንደሚሰይም፣ ወጪው፣ እና ውሳኔው መሬት ላይ እንዴት እንደሚወርድ። የመጨረሻው ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። በ2000ው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው አምስት አባላት ያሉት የኢትዮ-ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 2002 የመጨረሻና አስገዳጅ ውሳኔ ሰጠ። የድንበር ምልክት ግን ሊተከል አልቻለም፤ ኮሚሽኑም በ2007 ወሰኑን በካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጦ ሥራውን ዘጋ።

በዘ ሄግ 15 ዳኞች አሉ፤ የሥራ ዘመናቸው ዘጠኝ ዓመት ነው። የራሱ ዜጋ ከዳኞቹ መካከል የሌለ ተከራካሪ ለጉዳዩ ብቻ አንድ ዳኛ መሰየም ይችላል። ክስ ይገባል፤ የጽሑፍ ክርክር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በቃል ይከራከራሉ። አስቸኳይ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ተከሳሹ ደግሞ ዘወትር ማለት ይቻላል «ፍርድ ቤቱ ይህን ሊዳኝ አይችልም» የሚል መቃወሚያ ያነሳል፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ኢትዮጵያ ይህን በሚገባ ታውቀዋለች። ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1960 ደቡብ አፍሪካን ታስተዳድራት በነበረችው በናሚቢያ ጉዳይ ከሰሰች፤ በ1962 መቃወሚያው ውድቅ ተደረገ፤ በ1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። አፓርታይድ በናሚቢያ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይመረመር ቀረ። ስለዚህ በማመልከቻው ውስጥ «እኔ በቀጥታ የተነካብኝ መብት ይህ ነው» የሚለው ክፍል ከሁሉም በላይ መጠንከር አለበት።

ፍርዱ ይግባኝ የለውም። የተፈረደበት አልፈጽምም ካለ ለጸጥታው ምክር ቤት ማመልከት ይቻላል፤ እዚያ ግን ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አለ፤ አሜሪካ በ1986 ኒካራጓ በከፈተችባት ክስ ከተረታች በኋላ ተጠቅማበታለች። የተሻለው መንገድ አፈጻጸሙን ራሱን መደራደር ነው። ካሜሩንና ናይጄሪያ ሁለቱም ይገባኛል ባሉት የባካሲ ልሳነ ምድር ጉዳይ ፍርድ ያገኙት በ2002 ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ያገዘው የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው፣ በ2006 የወታደሮችን መውጫ የጊዜ ሰሌዳ ተፈራርመው፣ ርክክቡን በነሐሴ 2008 ጨርሰዋል።