ከተማ ተከራይቶ የሚማር ልጅ ካለዎት፣ ከውጤቱ በፊት እንቅልፉን ይጠይቁ

በጎጃም ገጠር ብዙ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ወላጅ የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ ነው። ያችን ጊዜ በፈተና ውጤት ጭቅጭቅ አይጨርሷት። እንቅልፉን ይጠይቁ፤ ጫት ወይም መጠጥ ጀምሮ ከሆነ፣ ወይም ከከፋው፣ በእንቅልፉ ሊታወቅ ይችላል።

ጫት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው «ለጥናት» ተብሎ ነው፤ በተለይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍንም ረሃብንም ያባርራል። ሌሊቱ ሲጋመስ ምርቃናው አልወርድ ስለሚል ለመተኛት ጨብሲ ይከተላል፤ አረቄ ወይም ቢራ። በማግስቱ ይደበተዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሐራራው ይነሳል፣ እንደገና ይቅማል። ትልቁ ኪሳራ ደግሞ ያነበበው አለመያዙ ነው፤ ትምህርት አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ሰው ሲተኛ ነውና። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል።

ስንቁን ይመልከቱ። ድርቆሹና በሶው ሳይነካ ከሰነበተ፣ የሰጡት ገንዘብ ግን ቶሎ ካለቀ፣ ሌሊት በዱካክ (በመጥፎ ቅዠት) የሚባንን ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። ግን ጫት ያልነካ ልጅም በድባቴ ምክንያት ምግብና እንቅልፍ ያጣል። ከ2 ሳምንት በላይ ከተከፋ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወና ከሰው ከሸሸ ሐኪም ይየው። የሴት ልጅ ዝምታ «ጨዋ ናት» እየተባለ ስለሚታለፍ እሷን ለይተው ይጠይቁ።

ወንድም እህቶቹ ፊት አይጠይቁት። ስንቁን ይዘው እስከ መኪና መንገዱ ሲሸኙት፣ «ሰሞኑን ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?»፣ ቀጥሎም «ጓደኞችህ ለፈተና ምን ይጠቀማሉ?» ይበሉት። ስለ ጓደኛ ሲጠየቅ ስለ ራሱ መናገር ይቀለዋል። ካመነልዎት መጀመሪያ «እንኳን ነገርከኝ» ይበሉ። ቁጣው ከቀደመ ሁለተኛ አይነግርዎትም።

የቤት ኪራዩን ለአከራይዋ ራስዎ ይክፈሉ፤ የኪሱን በወር ሳይሆን በየሳምንቱ ይስጡ። ጨርሶ መከልከል ግን ወደ ዱቤ ይገፋዋል። አከራይዋ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባ እንዲነግሩዎት ሲጠይቁ ልጁ እያለ ይጠይቁ፤ ስለላ ከመሰለው ቤት ይቀይራል።

እቤትዎ አረቄ የሚወጣ ከሆነ ልጅ አይቅመስ፣ ለገዢ እንዲያደርስም አይላክ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው፤ የሚሸጥለትን ሰው ይህን ጠቅሰው ያነጋግሩት።

ጫት ሲያቆም ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እንቅልፍ መብዛት፣ መነጫነጭና ዱካክ ይኖራል፤ ይህ ያልፋል። አረቄ ግን የተለየ ነው። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይም ከዘባረቀ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የሚጥል ሕመም ሊከተል ይችላል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልና ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነ ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን ክኒን ግን አያቋርጥ። ይህን የንስሐ አባቱ ቢነግሩት ይበልጥ ይሰማል።

«መኖር ሰለቸኝ» ካለ እንደ ቀልድ አይለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። የተባይ መርጫውን፣ የነቀዝ ክኒኑንና መሣሪያውን በዚያው ሰዓት ከቤት አውጥተው ዘመድ ዘንድ ያስቆልፉ፤ እሱን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።